ሁለት ቁራጭ ጨርቅ

ሁለተኛውን አዝራር ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አባቷ ሳይጨርሰው የቀረውን ግራጫ ኮት ከጭኗ አንስታ ወደ አልጋው አዞረችው። አባቷ አየው፤ ወይም ያየው መሰላት። በአንጎል ምት ከወደቀ አምስት ወር አልፎታል። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም እንደተያዘ ነው። በሆስፒታሉ የማገገሚያ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ሁለት ትራስ ተደግፎ ይውላል።

የፊደል ሰሌዳውን ደረቱ ፊት ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስተካከለች። የግራ እጁን አንጓ፣ እንደተማረችው፣ ከሥር ደገፍ አደረገች።

“ደህና ነው፣ አባባ?”

የአባቷ ጣት ከእጇ ጋር ቀስ እያለ ሰሌዳው ላይ ተንከራተተ። አንድ ፊደል ላይ ቆመ፤ ተነሳ፤ ሌላው ላይ ቆመ። “በጣም ያምራል” አለ ሰሌዳው።

በመስኮቱ በኩል ጋዜጣ የሚያገላብጡት ሽማግሌ ቀና አሉ። ከአባቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አስቀምጠው አርባ ዓመት የሰፉ ናቸው። ሰፈርተኛው ጋሼ መቀስ ይላቸዋል፤ ቅጽል ስሙን ያገኙት ግን ከሙያቸው ይልቅ ከአፋቸው ነው።

“ይገርማል” አሉ። “አርባ ዓመት ጎኑ ተቀምጬ አንድ ቀን ‘ያምራል’ ሲል አልሰማሁትም። ከታመመ ወዲህ ምላሱ ማር ሆነ።”

“ሰው ሲታመም ይለወጣል፣ ጋሼ።”

“ይለወጣል። ግን ልብስ ሰፊ ካልሞተ በቀር የተንጋደደ አዝራር አያሞግስም።”

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሰሌዳውን ያገኘችው ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በሰጠው የሦስት ቀን ትምህርት ላይ ነው። አዳራሹ ሙሉ እንደሷ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የማትናገር ልጅ አለችው፣ ሌላዋ ከአደጋ በኋላ ዝም ያለ ባል አላት። አሠልጣኙ የታሰረ አእምሮ የሚፈልገው እጁን ይዞለት ከልቡ የሚያምን ሰው ብቻ ነው አላቸው። በሦስተኛው ቀን ዳር ዳሩ ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ሰጣቸው። በማግሥቱ አባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ አንጓውን ስትይዝ፣ ጣቱ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ። “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።”

ይህ ለምን እንዳስለቀሳት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አባቷ በወደቀበት ቀን ጠዋት ተጣልተው ነበር፤ የተጣሉትም በዚሁ ኮት ነው። ሰው ሁሉ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በሚገዛበት ዘመን ለአንድ ኮት ሁለት ሳምንት የሚያጠፋ ሱቅ ቢዘጋ ይሻላል ብላው ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ደወለላት። ስሙን ስልኩ ላይ አየችው፤ አይታም ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ያን ቀን ጋሼ መቀስ ወደ ሱቅ አልገቡም ነበር፤ አባቷ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር እስኪመሽ ወድቆ ቆየ። ሐኪሙ ማንንም ሳይወቅስ “ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ” ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ያቺ ያላለቀች ንግግር እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ስትኖር ሰሌዳው ነቀለላት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። አባቷ አንገት ላይ ያለው የደም ሥር ጠቧል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት ሌላ ምት እንዳይመጣበት ሊረዳው ይችላል፣ ነገር ግን እዚያው የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይም ሊቀር ይችላል አላት። ውሳኔው የታማሚው ነው። እሷም ሰሌዳውን አቅርባ ጠየቀችው፤ ጣቱም “እስማማለሁ” ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ ግን የስምምነቱን ወረቀት አልተቀበላትም። ቃሉ የአባቷ መሆኑን በቅድሚያ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያይላቸው ጠየቀ።

ባለሙያው ሲመጣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ያረጀ የካርቶን አቃፊ በብብቱ የያዘ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጋሼ መቀስ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

“እስቲ፣ የልብ አዋቂ ከሆንክ አሁን የማስበውን ንገረኛ።”

“አላውቅም” አለ ሰውየው። “የሰው ልብ ማንበብ አልችልም። ሰው እንዴት እንደሚያስታውስ፣ እንደሚፈራ፣ እንደሚያምን እጠይቃለሁ። አንድ መልስ ሲመጣልኝ ደግሞ ተሳስቼ እንደሆነ የሚታይበትን መንገድ እፈልጋለሁ።”

“ስህተትህን ፍለጋ ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ?”

“አብዛኛውን ጊዜ።”

ጋሼ መቀስ ጋዜጣቸውን መልሰው ዘረጉ።

ባለሙያው ለልጅቷ የሚያደርገውን ነገር አንድ በአንድ ነገራት። በእሷና በአባቷ መካከል ካርቶን ይቆማል። አባቷ አንድ ሥዕል ያያል፣ እሷም አንድ ሥዕል ታያለች፤ አንዱ የሌላውን አያይም። አንዳንዴ ሥዕሉ አንድ ነው፣ አንዳንዴ ይለያያል። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እጁን ትይዝና ያየውን ይጽፋል። ቃሉ የአባቷ ከሆነ ሰሌዳው አባቷ ያየውን ይናገራል፤ የእሷ ከሆነ እሷ ያየችውን። ይህንኑ በወረቀት ጻፈውና ገና ምንም ሳይጀመር እንድትፈርም ሰጣት።

“ለምን አሁን?” አለችው።

“ውጤቱን ካየን በኋላ ሁላችንም ምክንያት አናጣም። እኔም ጭምር። የተሳሳትኩት እኔ ከሆንኩ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ።”

ሳታወላውል ፈረመች። አባቷን ታውቃለች።

የመጀመሪያው ሥዕል ኩባያ ነበር፤ ሰሌዳው ኩባያ አለ። ሁለተኛው ወንበር ነበር፤ ወንበር አለ። ልቧ ሞላ። አራተኛው ላይ የበር ቁልፍ አየች፤ የአባቷ ጣትም ሦስቱን ፊደላት ምንም ሳያመነታ አገኛቸው። አሥሩ ሲያልቅ ባለሙያው ሥዕሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ገለበጣቸው።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥዕል ባዩባቸው አምስቱ ሰሌዳው አልተሳሳተም። በተለያዩባቸው አምስቱ፣ በአምስቱም፣ የጻፈው እሷ ያየችውን ነው። ከቁልፉ ትይዩ፣ አባቷ ያየው፣ መቀስ ነበር።

የመቀሱን ሥዕል ከጠረጴዛው አነሳችው። አርባ ዓመት ከእጁ ያልተለየውን ነገር ፊቱ አስቀምጠውለት እሱ ቁልፍ ሊል?

“እኔ አልጻፍኩም” አለች። “እምልልዎታለሁ።”

“አልዋሸሽም፣ እህቴ። እጅ ልብ የሚጠብቀውን ነገር ባለቤቱ ሳይሰማው ይሠራል። የኔም እጅ እዚያ ቢሆን ያው ነው። ለዚህ ነው ራሴን ሳይሆን ካርቶኑን የማምነው።”

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አሠልጣኙ ዘንድ ደወለች። በትዕግሥት አዳመጣት። ጥርጣሬ በሩን ይዘጋዋል፣ ፈተና ለታሰረ አእምሮ ስድብ ነው፣ ካርቶን በቆመበት ፍቅር አይሻገርም አላት። ታዲያ ምን ብናይ ነው ዘዴው አይሠራም የምንለው ብላ ጠየቀችው። እሱም እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ገና አልበሰለም፣ የሁለተኛ ደረጃ ሥልጠና በሚቀጥለው ወር ይጀመራል አለ። ስልኩን ዘጋችው። ሲሠራ ዘዴው ነው፤ ሳይሠራ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ነው። የማይወድቅ ነገር ነው የሸጠላት፤ የማይወድቀውም ስላልቆመ ነው።

ያንገበገባት ግን እሱ አልነበረም። “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” ያላት ማን እንደሆነ አሁን ገብቷታል። በአባቷ ጣት ራሷን ይቅር ብላ፣ ሦስት ወር ሙሉ በሰላም ተኝታለች። አባቷ ግን እዚያው ትራሱ ላይ፣ የራሱን አንድ ቃል ሳይናገር፣ እጁ ሲጎተት ነበር።

በማግሥቱ ባለሙያው ከስፌት ቦርሳዋ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ጠየቃት፤ ነጭና ጥቁር። ነጩ “አዎ”፣ ጥቁሩ “አይ” ይሆናል አለ። ጎን ለጎን ሳይሆን ነጩን ከላይ፣ ጥቁሩን ከታች ጠረጴዛው ላይ ለጠፋቸው፤ በቀኝ በኩል ያለውን ነገር ዓይኑ ላያገኘው ይችላልና። ማንም የአባቷን እጅ እንዳይነካ አስጠነቀቀ። ራሱም ፊቱ እንዳያሳብቅበት ከአልጋው ራስጌ ቆሞ መጠየቅ ጀመረ።

በመጀመሪያ መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎች ነበሩ። ይህ ኮት ነው? ውጭ ጨለማ ነው? የአባቷ ግራ እጅ ከአንሶላው ተነስቶ ጨርቁ ላይ እስኪደርስ አንዳንዴ ደቂቃ ይፈጃል። ጋሼ መቀስ ሴት ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ እጁ ጥቁሩ ላይ አረፈ።

“ጭንቅላቱ ደህና ነው” አሉ ጋሼ መቀስ።

ከሃያው አሥራ ስምንቱን በትክክል መለሰ። ልጅቷ ይበቃል ብላ ነበር፤ ባለሙያው ግን እጁ እንዲያው የታችኛውን ጨርቅ ለምዶ ሊሆን ይችላል ብሎ በሚቀጥለው ቀን ነጩን ወደ ታች፣ ጥቁሩን ወደ ላይ አደረገና ሌላ ሃያ ጠየቀ። አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሙን የጠራው።

ሐኪሙ ከሁለቱም ወገን ያለውን አደጋ በአጭር በአጭሩ አስረድቶ ጉዳዩን በሦስት መንገድ ጠየቀ። ቀዶ ሕክምናው ይደረግ? ጥቁር። መድኃኒቱ ብቻ ይቀጥል? ነጭ። ነገ ደግሜ ብጠይቅዎ ሐሳብዎን ይቀይራሉ? እጁ ወደ ጥቁሩ ተመልሶ እዚያው ቆየ። ሐኪሙ በማግሥቱም መጥቶ ጠየቀ፤ መልሱ ያው ሆነ። የስምምነቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። “እስማማለሁ” የሚለው ቃል ልጅቷ ጆሮ ውስጥ ጮኸባት። የማይፈልገውን ሰው በገዛ ጣቱ አስፈርማ ቢላዋ ሥር ልትሰጠው ነበር።

ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ባለሙያውን፣ አባባን አንድ የግል ነገር ልጠይቀው እፈልጋለሁ አለችው።

“ግዴታ የለብሽም” አላት። “ከጠየቅሽ ግን የሚመጣው መልስ የእሳቸው ነው። ልታስተካክይው አትችይም።”

ወጣ። ጋሼ መቀስም ማንም ሳይነግራቸው ጋዜጣቸውን ይዘው ተከተሉት። ልጅቷ ወንበሯን ወደ አልጋው ራስጌ አዞረች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘቻቸው።

“አባባ፣ የዚያን ቀን ስልኩን አይቼው ነበር። አውቄ ነው ያላነሳሁት።” ይህን ለሰው ተናግራው አታውቅም። “ተቀይመኸኛል?”

እጁ ተነሳ። በሁለቱ ጨርቆች መካከል ቆመ፤ የደከመው መሰላት። ከዚያ ወረደና ነጩ ላይ አረፈ።

አላለቀሰችም። አምስት ወር የሸሸችው መልስ ይኸው ነበር፤ ከባድ ነው፣ ግን የእሱ ነው። ማንም አልያዘለትም። አባቷ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ይህ የነገራት የመጀመሪያ ነገር ነበር።

“ከዚህ እንድሄድልህ ትፈልጋለህ?”

በዚህኛው ላይ እጁ አልዘገየም። ጥቁሩን ነካው፤ እዚያው ተኛበት።

ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ኮቱን አነሳች። አራቱም አዝራሮች ተሰፍተው አልቀዋል። ዘርግታ አሳየችው።

“ደህና ነው?”

ጥቁር።

ጣቷን አንደኛው አዝራር ላይ አድርጋ የተበላሸው ይሄ ነው ወይ አለችው። ጥቁር። ሁለተኛውን፣ ያን “በጣም ያምራል” የተባለለትን፣ ስታሳየው እጁ ነጩ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብላ አየችው። በአንድ ክር ስፋት ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ከጨርቁም ጋር ጥብቅ ብሎ የአዝራር ቀዳዳው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ሰሌዳው ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሏት አያውቅም ነበር። ከምር ሳቀች፤ በሩ ላይ የነበሩት ጋሼ መቀስ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

“ምን አለ?”

“ይፈታ አለ።”

“ተሻለው ማለት ነው” አሉና ተመልሰው ወጡ።

ክሩን በመርፌ ጫፍ እየመዘዘች አዝራሩን ፈታችው። ቦታውን በሳሙና ምልክት አደረገች። ክፍተት እንዲኖረው ከአዝራሩ ሥር የክብሪት እንጨት አስገብታ እንደገና ሰፋችው፤ እንጨቱን አውጥታ የቀረውን ክር ከሥሩ አምስት ጊዜ ጠመጠመችበት። ክሩን ወደ ጥርሷ ስታስጠጋ አባቷ በዚህ ምን ያህል ይናደድ እንደነበር ትዝ አላትና መቀሱን ከቦርሳዋ አወጣች።

አሳየችው። ረጅም ጊዜ አየ። እጁ ነጩ ጨርቅ ላይ ወረደ።

ክሩን በመቀስ ቆረጠች፤ ኮቱን አራገፈችና በሩ ጀርባ ባለው መስቀያ ላይ ሰቀለችው።