የወንድሜ ሞክሼ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ጨዋው» ይለው ነበር። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የሰው ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ለአሮጊቶች በነፃ ይሠራላቸዋል፣ የደንበኛ ወሬ ሳያቋርጥ ይሰማል። እኛ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ካልሲውን ሶፋ ላይ ይወረውራል፣ ለእኔ የተቀመጠውን ምሳ ጠራርጎ ይበላል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ አይደለሁም» ይላል። እማዬም «አይ አንተ! የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ!» ትለዋለች።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። «ቆይ እቴ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ላቦራቶሪ ተዘግተሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

የታይፎይድን ባክቴሪያ እንደማጠና ነገርኩት። ብልቃጥ ውስጥ ምግብ እናደርግለታለን፤ ሾርባ ነው የምንለው። እዚያ እስካለ ድረስ ሰላማዊ ነው፤ ይበላል፣ ይዋኛል፣ ይራባል። ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ጀርም ለመብላት የተሰማሩ የደም ህዋሶች ይውጡታል። የህዋሱ ሆድ ኮምጣጣ ነው፣ የሚበላም እምብዛም የለበትም። ያኔ ሾርባው ውስጥ ተኝተው የነበሩ ዘረመሎቹ ይቀሰቀሳሉ። መዋኛ ጅራቱን ይተውና መርፌ ያወጣል። በመርፌው ህዋሱን ያደነዝዛል፤ ሊፈጨው የነበረውን ህዋስ ቤቱ አድርጎት ቁጭ ይላል። የኔ ሥራ ውጭ ሳለ የትኞቹ ዘረመሎች እንደሚሠሩ፣ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የትኞቹ እንደሚነቁ ማነጻጸር ነው።

ጨዋው ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማዬ፣ ነይ ስሚ! ሞክሼ አገኘሁ!»

ሰኞ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያውን በሳይንሳዊ ስሙ የሚጠራው ጠፋ። ጠዋት ስንገባ «ሞክሼ እንዴት አደረ?» እንባባል ነበር።

ወንድሜ የታመመው ዝናቡ ሊያቆም ሲል ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት አለ፣ ቀጥሎ ትኩሳት፤ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን እንክብል ጨረሰ፤ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሆስፒታል ስናስገባው አልጋው ላይ ተጣጥፎ የተኛው ሰውነቱ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከደሙ የበቀለው ታይፎይድ ነው ተባለ። አብዛኛው መድኃኒት አልበገረውም።

ሐኪሙ ዓይኑ በድካም የቀላ፣ ትሁት ሰው ነው። እማዬንና እኔን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «አንድ የሚሠራለት አግኝተናል። ጀንታማይሲን። ሳህኑ ላይ ጥርግ አድርጎ ገድሎታል፤ በመርፌ ጀምረንለታል» አለን።

ሳህን የሚለው ባክቴሪያ የሚያበቅሉበትን ዝርግ ዕቃ ነው። እማዬ የሐኪሙን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች። እኔ ደግሞ በደስታ እሷን አቅፌ አለቀስኩ። የመድኃኒቱን ስም በየቀኑ የምጠራው ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን የሰማሁት «ገድሎታል» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። የጀመርነውን ሙከራ ጥሎ መቅረት አይቻልም ነበር። ህዋሶቹ ሞክሼን ከዋጡ በኋላ ሳይዋጥ ውጭ የቀረውን መግደል አለብን፤ አለዚያ የውጭው ከውስጡ ይቀላቀልና የማን ዘረመል እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ጠርሙሱን ከፈትኩና ፈሳሹን በፒፔት ሳብኩ። ጀንታማይሲን ነው። የመረጥነውም ወደ ህዋስ ውስጥ በደንብ ስለማይገባ ነው። ውጭ ያገኘውን ይፈጃል፤ የተዋጠውን አይነካም።

እጄ አየር ላይ ቀረ። እኛ በዚህ መድኃኒት የውጭውን እየገደልን፣ ህዋስ ውስጥ ያለውን ሞክሼ ምንም ሳይነካው እናቆየዋለን። ወንድሜን ደግሞ በሱ እያከሙት ነው።

ስልክ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ በረርኩ። ሐኪሙን ዎርዱ በር ላይ ያዝኩትና እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«እህቴ፣ ተረጋጊ። ውጤቱ እኮ ግልጽ ነው፤ ሳህኑ ላይ...»

«ወንድሜ ሳህን አይደለም! አልገባህም? ያለው ህዋሱ ውስጥ ነው! መድኃኒትህ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው!»

«አንተ» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም። ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በመዳፉ አሻሸ። «ልክ ነሽ። ሌላው ሁሉ እምቢ ሲለኝ፣ ይሄን ሳይ... ልክ ነሽ» አለ። ህዋስ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ወዲያው አዘዘ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እስከ ዛሬ የምጠላው ሰው አጥቼ እንዲሁ እበግናለሁ።

አዲሱ መድኃኒት ሲሰቀልለት ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እቴ... ሞክሼዬ እንዴት ነው?»

«ዛሬ ነው የምናስወጣው» አልኩት።

«ጨዋ ነው በያቸው። ያሳደገው ሰው የለም እንጂ...» ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ሆዱ ላይ ያዘውና ፊቱ ተቀየረ። «ወጋኝ» አለ። «እቴ፣ ኧረ ወጋኝ!»

ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ባክቴሪያው በተጠለለባቸው ህዋሶች አካባቢ አንጀቱ ቆስሎ፣ ቆስሎ፣ ተበስቶ ነው። ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገፉት እማዬ የአልጋውን ብረት ይዛ እየሮጠች «ልጄን ቀስ አድርጉት፣ ቀስ!» ትል ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን አላወለቀም። ሳይናገር መሞቱ ገባን።

ለቅሶ ላይ አንዷ ጎረቤት «በዚህ ዘመን ሰው በታይፎይድ ይሞታል?» አለች፤ አልለቅ ብላ ሦስቴ። በመጨረሻ «ይሞታል» አልኳትና ተነሥቼ ወጣሁ።

ሥራ ስመለስ ኃላፊዬ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ። ከወንድሜ ደም የበቀለውን ባክቴሪያ ሆስፒታሉ ለጥናት ልኮልናል። «መድኃኒት የሚቋቋም ስለሆነ ልንተወው አንችልም። ግን ሌላ ሰው ይሥራው፤ አንቺ አትንኪው» አለችኝ።

«የማንም እጅ አይነካውም። እኔ ነኝ የምሠራው» አልኩ።

እኔ ነኝ ህዋሶቹን ያስዋጥኩት። ውስጥ ሲገባ የተቀሰቀሱትን ዘረመሎች አየሁ። ከሌላው የከፋ፣ ለወንድሜ ብቻ የተፈጠረ አውሬ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። መርፌው ያው እንደ ሌሎቹ ነው፤ ሌሎቹ በሚነቁበት ሰዓት ይነቃል። ተራ ነገር ነው ወንድሜን የበላብኝ።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ የጨዋውን ሸሚዞች አጥባ እያጣጠፈች ነበር። ካልሲዎቹንም ጥንድ ጥንድ አድርጋ ደርድራቸዋለች። ቀና ሳትል ጠራችኝ።

«ልጄ።»

«እመት፣ እማዬ።»

«ያ የገደለው ነገር... አብሮት ሞተ አይደል?»

ሸሚዙን ከእጇ ተቀብዬ ማጠፍ ጀመርኩ።

«አዎ፣ እማዬ። አብሮት ሞተ።»

«ተመስገን» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ያን ሌሊት ብቻ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ሥራ ገባሁ። የወንድሜን ሞክሼ ብልቃጥ ሳየው ሾርባው አልቆበታል። አዲስ ጨመርኩለት።