ሰባት ቁጥር ደም

ያሰን ጎቸቭ የሙከራ ትምህርቱን መሃል ላይ አቋርጦ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ አፍጥጦ ቀረ። መራጮቹ ጥያቄው የከበደው መሰላቸው።

ዩኒቨርሲቲው ለሕክምና ጄኖሚክስ ምርምር የባዮኢንፎርማቲክስ መምህር፣ ማለትም የሰውን ዘረመል በኮምፒውተር የሚተነትን ሰው ሊቀጥር ውድድር አውጥቶ ነበር። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሁለት ሲሆኑ፣ የተሰጣቸውም አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት በዘር በሚተላለፍ የጡት ካንሰር ላይ ከተደረገ ጥናት የተወሰደ፣ ስም የተሰረዘበት የሃያ ሰዎች ፋይል። ሌላዋ ተወዳዳሪ ሚሃኤላ ጠዋት አቅርባ ወጥታለች።

"ይቅርታ" አለ ያሰን። "ሰባት ቁጥር መዝገቡ ላይ ሴት ናት። ፋይሉ ውስጥ ያለው ዘረመል ግን የወንድ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ደግሞ ተቃራኒው። ሁለቱ የተለዋወጡ ይመስለኛል። ሆን ብላችሁ ያስገባችሁት ወጥመድ ነው?"

የጥናቱ መሪና የመራጮቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ኔቬና ካራስላቮቫ አፏን ስትከፍት ዲኑ ኦግንያን ቀደማት።

"እንዴታ፣ ወጥመድ ነው። ቀጥል።"

ወጥመድ አልነበረም። ፋይሎቹን የሰየመችው ራሷ ኔቬና ናት፤ የውጤት ደብዳቤዎቹንም የፈረመችው እሷው። ጎጂው የዘረመል ለውጥ በአሥራ አንድ ቁጥር ፋይል ውስጥ ስለተገኘ ለሰውየው "አለብዎት" ተብሎ ተጻፈለት፤ ለሰባት ቁጥሯ ሴት ደግሞ "ነፃ ነዎት"። ሴትየዋን ኔቬና አልረሳቻትም። ስላቭካ ትባላለች፤ እናቷንና ታላቅ እህቷን በዚያው በሽታ የቀበረች ልብስ ሰፊ ናት። ደብዳቤው በደረሳት ማግስት ራሷ የሠራችውን የበለስ ማርማላታ ይዛ መጥታ እያለቀሰች አቅፋታለች። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አልፏል። ነፃ ነሽ የተባለች ሴት ደግሞ ምን ብላ ትመረመራለች?

ከዚያ በኋላ የተባለውን ኔቬና አልሰማችም። ስብሰባው እንዳበቃ ምድር ቤት ወርዳ፣ የተለዋወጠው ደሙ ይሁን ፋይሉ ለማጣራት የሁለቱን ሰዎች ደም ከማቀዝቀዣው አወጣች። ወንድና ሴቱን ብቻ ለመለየት ሦስት ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያውን ጠብታ ደፋችው፤ ጓንቷን ለውጣ እንደገና ጀመረች።

መሣሪያው ሥራውን ሲይዝ ኦግንያን ወርዶ መጣ። በተማሪነት ዘመናቸው ከአንድ ሳህን የበሉ ጓደኛሞች ናቸው። በሩን ዘግቶ ብዙ ተናገረ። ምርምሩን የሚደግፉት ሰዎች በሚቀጥለው ወር እንደሚወስኑ፣ ይህ ወሬ ከወጣ ቤተ ሙከራውም የቅጥር ቦታውም እንደሚታጠፍ፣ ያሰን ከገባ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አሮጌዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ እንደሚያገላብጥ ነገራት።

"ሚሃኤላን እንውሰድ" አለ። "ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ግን ገና ደጃፋችንን ሳይረግጥ ቤቱን አናጋው።"

"ሴትየዋስ?"

"ትጠራለች። መደበኛ ክትትል ነው ትያታለሽ፤ አዲስ ዘዴ መጥቷል፣ ደምሽን እንደገና እንየው። ማን ይጎዳል?"

ሐሳቡ የኔቬናን ልብ አሳርፎት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራትም ይኸው ማረፏ ነው።

"ጡረታ ልትወጪ ሦስት ዓመት ቀርቶሻል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ለራሴ ብዬ መሰለሽ?"

"ለራስህም ነው።"

"ለራሴም ነው" አለ ኦግንያን፣ ሳይቆጣ። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውጤቱ መጣ። በሰባት ቁጥር ብልቃጥ ያለው የሴት ደም ነው፤ በአሥራ አንድ ቁጥር ያለው የወንድ። ደሙ በቦታው ነበር፤ ያቀያየረችው እሷ ናት፣ ፋይሎቹን ስትሰይም። ለሰውየው የምሥራች ነው። ጎጂው ለውጥ ያለው ግን ስላቭካ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ወደ ላይ ስትወጣ ያሰን ኮሪደሩ ላይ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሲያያት ተነሳ።

"ወጥመድ አልነበረም፣ አይደል?"

"አልነበረም።"

"ሥራውን ስለምፈልገው ነው እስካሁን የቆየሁት ብዬ ነበር" አለ ያሰን። "ግን ለሱ አይደለም። የፋይሎቹ ባለቤቶች አውቀዋል?"

"ገና ነው። ወደ ቤትህ ሂድ፣ እንደውልልሃለን።"

ቢሮዋ ገብታ የምርጫውን ቅጽ አወጣች። ለያሰን ሙሉ ነጥብ ሰጠችው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "የእኔን ስህተት አገኘ" ብላ ጻፈችና ሐሳቧን ከመለወጧ በፊት ፈረመችበት። ከዚያ ስልኩን አነሳች። ለጸሐፊዋ ልትተወው ትችል ነበር።

ከወዲያኛው በኩል የስፌት መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ።

"ፕሮፌሰር! እንዴት ነዎት? እኔማ የረሱኝ መስሎኝ" አለች ስላቭካ፣ ደስ ብሏት።

ኔቬና "መደበኛ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"ስላቭካ፣ ያኔ የጻፍኩልዎት ደብዳቤ ስህተት ነበረበት። የኔ ስህተት ነው።"

ከወዲያኛው በኩል መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

"ነገ ልምጣ?" አለች ስላቭካ። ድምፏ የሌላ ሰው ሆኗል።

"አይምጡ" አለች ኔቬና። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ካፖርቷን ማጥለቅ ጀምራለች። "ያሉበትን ይንገሩኝና አሁን እኔ እመጣለሁ።"