ሁለት ሰዓት ከአርባ

ጆሮዋን ቢያማት ለማን ትናገራለች?

አያትየዋ ይህን ማሰብ ከጀመሩ ሳምንት ሆኗቸዋል። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወገቧ በሟች ባላቸው ቀበቶ ከወንበሩ ጋር ታስሯል።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዋን ትበራለች። እናቷ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ፣ ቤት ተከራይታ፣ ትምህርት ቤትም አስመዝግባ "ልጄን ላኩልኝ" ብላለች። እናት ልጄን ስትል ምን ይባላል? አጎቷ ከስልኩ ላይ አንብቦ ነግሯቸዋል፤ ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በረራው ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ኪሎ ሜትሩ ምንም አልመሰላቸውም። ሁለት ሰዓት ከአርባው ግን ረዘመባቸው። ይህች ልጅ ስትፈራ አፏ ይዘጋል። አምና ትምህርት ቤት ጣቷን በር ጨፍልቋት፣ ለአስተማሪዋ ትንፍሽ ሳትል ያበጠ እጇን ኪሷ ከትታ ነው ቤት የመጣችው።

ስለዚህ በረራውን ያለማምዷት ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ነበር። እሳቸው አስተናጋጅ ሆነው ትሪ ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ልጅቷ እግሯን እያወዛወዘች ትጠራቸዋለች።

"እህት፣ ውሃ አለሽ?"

"አለ የኔ እመቤት። ቀዝቃዛ ይሁን ለብ ያለ?"

"ቀዝቃዛ። ደሞ ያንን አፍንጫውን የሚጎረጉር ሰውዬ ውረድ በይልኝ።"

በማግስቱ አያትየዋ ምክር ጨመሩ። ጆሮሽን ከደፈነሽ ተናገሪ። ሽንትሽን እንዳትይዢ። ቢንቀጠቀጥ እንዳትነሺ። እናትሽን ሳታዪ ከማንም ጋር ንቅንቅ እንዳትዪ። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ሲረዝም የልጅቷ ወሬ እያጠረ ሄደ። ትናንት ውሃም አልጠየቀችም።

"እስቲ አስተናጋጇን ጥሪያት" አሉ አሁን።

ልጅቷ የቀበቶውን ዘለበት ትነካካለች።

"ሆድሽን አመመሽ እንበል። ምን ትያለሽ?"

ዘለበቱን ይበልጥ አጠበቀችው።

አጎቷ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ገባ። የታሰረችውን ልጅ አየና እናቱን ወደ በሩ ጠጋ አደረጋቸው።

"እማዬ፣ ይቺ ልጅ ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ይከፈታል ወይ፣ ነጂው ይተኛል ወይ እያለች ስታደርቀኝ ነበር። ምን አደረግሻት?"

"ምን አደረግኋት? አስጠነቀቅኋት እንጂ።"

"አንቺ ራስሽ አውሮፕላን ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። ለሱ እኮ ነው።"

ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። የልጅቷን እጅ ይዛ የምታሳፍራት የአየር መንገዱ ሠራተኛ እንዳለች ደግሞ ነገራቸውና ሻንጣውን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ።

አያትየዋ ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። ጠዋት ለአስተናጋጇ ብለው የጻፉት ነው፤ አሥራ አንድ መስመር ሞልቷል። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እያንዳንዱ መስመር እውነት ነው፤ የትኛው ይቀራል? ከጥግ ጀምረው ቀደዱት። በእጃቸው የቀረው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ "ዝም ካለች ጠይቋት። ውሃ ቀዝቃዛ ትወዳለች።" አጥፈው የልጅቷ ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተቱት።

እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምን ትያለሽ ልበላት ብለው አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት።

ልጅቷ ቀበቶውን ራሷ ፈታች። ጠቅልላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።