የሃርም በር በየት በኩል ይከፈት

በባርለ ከተማ የኔዘርላንድና የቤልጂየም ድንበር የሰው ሳሎን መሃል ለመሃል ያልፋል። ቤቱ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚለየው በዋናው በር ነው። የሃርም በር ከአያቱ ጀምሮ በኔዘርላንድ በኩል ነበር፤ አሁን ግን በስብሷል።

በር መተካት ብቻ ቢሆን ሃርም ባልተጨነቀ። ቬርለ ልታገባው እሺ ብላለች፤ ግን የቤልጂየሙ ባርለ ምክር ቤት አባል ናት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ከኖረች ወንበሯን ታጣለች። «በሩን ወደ እኛ ካዞርከው እመጣለሁ፤ ካላዞርከው እንደለመድነው እሁድ እሁድ እንገናኛለን» አለችው። ያለችው እየሳቀች ነው። ሃርምን ያስፈራውም ሳቋ ነው።

ዛሬ ጠዋት በሩን ከእንጨት ሱቋ አስጭና መጣች፤ ቀላ ያለ የአፍሪካ እንጨት ነው። አናጢው ሻክ ጠመኔ ይዞ ቆሟል።

«እናንተ ቤልጂየሞች ከሐሩር አገር እንጨት የምታስገቡት ለዚህ ነው» አለ ሃርም መዳፉን በበሩ ላይ እያሳለፈ። «ለበር፣ ለወለል። እኛ የምናመጣው ግን ውኃ የሚገድብ ነው። በብዛትም እንበልጣችኋለን።»

«በብዛት? አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ለቦይ መዝጊያ የገዛኸው ግንድ በየት በኩል ነው የገባው?»

«በአንትወርፕ ወደብ።»

«አንትወርፕ የማን ነው?»

«መተላለፊያ ነው እንጂ…»

«ከመርከብ ሲራገፍ እኛ ቆጠርነው። ድንበር ሲሻገር እናንተ ደግማችሁ ቆጠራችሁት። ከዚያ በየዓመቱ እየመጣህ በለጥናችሁ ትለኛለህ!»

ሻክ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ጋሽ ሃርም፣ ቆጠራችሁን ስትጨርሱ ግድግዳውን የት እንደምበሳው ንገሩኝ።»

ሃርም ግን ከበሩ ዓይኑን አልነቀለም። «ይሄኛውስ በየት መጣ?»

«ከካሜሩን አንትወርፕ ወረደ። የእናንተ ነጋዴ ገዝቶ ወደ እናንተው ዛንዳም ወሰደው። እኔ ደግሞ ከሱ ገዛሁት።»

«እንግዲያው እናንተ ሁለቴ፣ እኛ አንዴ ቆጥረነዋል።»

«አዎ። በሩ ግን ያው አንድ በር ነው።»

ሃርም ዞር ብሎ የበሰበሰውን በር አየው። በሩን ካዞረ፣ ቡና ቤት ሲገባ ጓደኞቹ «ቤልጂየማዊው መጣ!» እያሉ እንደሚቀበሉት ያውቃል። ሁለቱ አገሮች ኳስ በሚጋጠሙበት ቀን ደግሞ መቀመጫው የት ሊሆን ነው? እነዚህ ለሌላ ሰው ተራ ነገሮች ናቸው፤ እሱን ግን ከምሩ አስጨነቁት።

ከዚያ ጠመኔውን ከሻክ እጅ ወሰደና በማድ ቤቱ አልፎ ወደ ጀርባው ግድግዳ ሄደ። የእናቱ የሳህን መደርደሪያ የተሰቀለበትን ቦታ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረው።

«እዚህ ጋ» አለ።

«ጋሽ ሃርም፣ ይሄ እኮ ቤልጂየም ነው።»

«ልጄ፣ የተወለድኩበትን ቤት ልታሳየኝ ነው?»

ቬርለ መሳቋን ተወች። «ነገ ቢቆጭህስ?»

«መቆጨቱማ ይቆጨኛል» አለ ሃርም። «ግን አንቺ እዚሁ ስለምትኖሪ የማማርርለት ሰው አላጣም።»

ወንበር ላይ ወጣና ሳህኖቹን ማውረድ ጀመረ። ቬርለ ወደ ወንበሩ ተጠጋች። ከሥሩ ቆማ፣ አንዱም እንዳይሰበር በሁለት እጇ ትቀበለው ጀመር።