ሰማያዊው ገመድ

ያን ቀን ምነው እጄን በቆረጠው! ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ይህን ልበል።

አሰገደች እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ማዕከል አሥራ ሁለት ሰርቨሮች ነበሩን። የሙከራ ማሽኖች ናቸው፤ ተመራማሪው እንደፈለገ ይጭንባቸዋል፣ ያበላሻቸዋል፣ በማግስቱ እኛ ከዜሮ እናዘጋጃቸዋለን። እኔና ባልደረባዬ አስማማው አንድ በአንድ በእጃችን ስንጭን ወገባችን ተቆረጠ። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ዘዴ አበጀሁ። ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ የተሰካበት ማሽን ሲበራ፣ ዋናው ሰርቨር ራሱ ዲስኩን ጠርጎ፣ ዳር እስከ ዳር ዜሮ ጽፎበት፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት እንደ አዲስ ይጭንበታል። ቢጫው ገመድ የእንግዳ ነው፤ እሱ ማንንም አይነካም።

«የማሽኖቻችንን ዝርዝር እናስገባለት፤ የማያውቀውን እንዳይነካ» አለኝ አስማማው።

«አንተ ደግሞ! እዚህ ሰርቨሮቹ ጋ ማን እንግዳ ይመጣል ብለህ ነው?» አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት፤ በማንም አላሳብብም።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ከቁይ መጡ። ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው ያመጡት። የቅኔ መምህራቸው የኔታ ወልደ ገብርኤል ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኔታ አንዲትም ቅኔ በወረቀት አላስቀመጡም። መሪጌታ ግን አራት መቶ አሥራ ሁለቱን በቃላቸው ይዘው ቆይተው፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፈዋቸዋል።

«በፍላሽ የያዝኩትን ቫይረስ በላብኝ። ያለኝ ይኸው ብቻ ነው» አሉኝ። «ግልባጩን እናንተ ጋ አኑሩልኝ፤ እኔ ስሞት የኔታ አብረውኝ እንዳይሞቱ።»

«ምን ገዶን መሪጌታ! ዛሬውኑ!»

ቢጫው ገመድ ያለው በሩ ጥግ ነው፤ ወጪ ወራጁ የሚጋፋበት። መሪጌታን በር ላይ ላስቀምጥ? እናቴ ብታየኝ ምን ትለኛለች! ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ከሰርቨሮቹ አጠገብ፣ የራሴ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ኮምፒውተሩንም ፊታቸው አደረግሁ። እዚያ የነበረውን ገመድ ሳብኩና ሰካሁ። ቀለሙን አላየሁም፤ ዓይኔ ከሳቸው ነጭ ጥምጣም ላይ ነበር።

አበራሁት።

«ሲነሳ ቀስ ይላል፤ እንደኔው አርጅቷል» ብለው ሳቁ።

«እስኪነሳማ ምሳ ይበላሉ!» እምቢ ቢሉም ጎትቼ ወሰድኳቸው። ተጨዋች ናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን።

ስንመለስ አስማማው በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሰገደች፣ ያ ኮምፒውተር የማን ነው?»

ሮጥኩ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴ ጽሑፍ፦ «ተጠናቋል። ማሽኑ ለሙከራ ዝግጁ ነው።»

ክው አልኩ። ሰማያዊውን ገመድ ነቀልኩት፤ ወይኔ፣ አሁን ብነቅለው ምን ሊፈይድ! አስማማውን አየሁት። ራሱን ነቀነቀ። የተጠረገው እንዳይመለስ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ እንደማይመለስ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «መሪጌታ፣ አጠፋሁት! ሁሉንም አጠፋሁት!»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን ዳበሱት፤ የተሰበረ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ። አስማማው ቀስ አድርጎ አስረዳቸው። ከዚያ ክንዴን ይዘው «ተነሽ ልጄ፣ ተነሽ» አሉኝ።

ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «በቃልዎ ይዘውት የለ! እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ! ሌሊትም ቢሆን እጽፋለሁ!» አስማማው ወንበር አቀረበልኝ። ደስታዬ ያኔ ልክ አልነበረውም።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያው ቅኔ ያለ እንከን ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሁለት ቃል ብለው ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከመነሻው ጀመሩት። እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። ሌላ እንሞክር ብለው ዘለሉት፤ ያም መሐል ላይ ተበጠሰ።

ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው ላይ የመጣው ድንጋጤ እኔ ላይ ከወረደው የባሰ ነበር።

«በየሌሊቱ እደግመው ነበር» አሉ። «ከጻፍኩት ወዲህ አራት ዓመት... ተውኩት። እዚያ አለ ብዬ።»

አስማማው ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቀሩ።

መሪጌታ ጥምጣማቸውን አወለቁ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ትምህርቱ እንደጠፋበት ተማሪ በለሆሳስ ጠየቁ፦

«የኔታ... ቀጥሎ ምን ነበር?»