ኩፋሌ የሌለበት ላፕቶፕ

አቶ ሙላቴ ማንበብ አይወዱም፤ መጥቀስ ግን ነፍሳቸው ነው። በሬ ሲዋሱም «መጽሐፍ ይላል»፣ ጠላ እንዲደገምላቸው ሲፈልጉም «መጽሐፍ ይላል» ነው። የሟች ወንድማቸው ልጅ ዓይናለም ይህን እየሰማች አደገች። ኩዌት አራት ዓመት ሠርታ ስትመለስም እንደነበረ አገኘችው።

ዛሬ ግን ጥቅሱ በራሷ ላይ መጣ። አጎቷ ደሳለኝ ለሚባል የእብናት ከብት ነጋዴ ሊድሯት ቆርጠዋል። እሷ ደግሞ ደብረ ታቦር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታለች፤ ደሳለኝንም አትፈልገውም። ሲያያት እንኳ ጥርሷን ሊቆጥር የሚፈልግ ይመስላታል። እምቢ ብላ መቅረት በቻለች። ነገር ግን እናቷ ወይዘሮ ካሰች «አጎትሽ በመጽሐፍ ቃል ያዘዘሽን ከጣስሽ ምርቃቴን አታገኚም» ብለው ልከውባታል፤ ከእናቷ ምርቃት አብልጣ የምትወደው ነገር ደግሞ በዚህ ዓለም የላትም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ እብናት፣ ከአጎቷ ጋር በሚኒባስ ተነሣች።

ላፕቶፗን ይዛለች። በርካሽ የተገዛ፣ ሁለተኛ እጅ፣ ማጠፊያው የላላ ነው፤ ግን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስጠና ፕሮግራም ጭናበታለች። ኢንተርኔት አይፈልግም። ቃሉን ሲጽፉለት ምዕራፉንና ቁጥሩን ያወጣል። መንገድ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ ሲመልስ፣ እሷ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች።

መኪናው ከከተማ እንደወጣ አቶ ሙላቴ ጀመሩ።

«‘ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ’ ይላል መጽሐፍ።»

ዓይናለም ጻፈችና ጠበቀች። «አጎቴ፣ የለም ይላል።»

«ማነው የለም የሚል?»

«መጽሐፍ ቅዱሱ ነዋ።»

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። አቶ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሌላ ወረወሩ። «‘የአጎት ቃል የአባት ቃል ነው’ ይላል።» እሱም የለም። «‘ባል ሲመጣ በር አይዘጋም’ ይላል።» እሱም የለም። ሾፌሩ ሳይቀር በመስተዋቱ ወደ ኋላ ማየት አበዛ። ዓይናለም ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት። ሽማግሌዎቹ ፊትም እንዲሁ ትዘረጋዋለች፤ አጎቷ ይጠቅሳሉ፣ ላፕቶፑ የለም ይላል፣ ነገሩ ያልቃል።

ደስታው ግን እስከ መንገዱ እኩሌታ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ አጎቷ። «ይኸ ዕቃሽ ስንት መጽሐፍ ነው የያዘው?»

«ስልሳ ስድስት።»

«ስልሳ ስድስት!» አቶ ሙላቴ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። «የእኛ ሰማንያ አሐዱ አይደለም እንዴ? አሥራ አምስቱን የት ጥለሽው መጣሽ? ሄኖክ የታለ? ኩፋሌ የታለ?»

ዓይናለም ፈለገች። ሄኖክ የለም። ኩፋሌም የለም። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አላስገቧቸውም፤ እሷም እስከዛሬ ልብ አላለችም።

«በይ እንግዲያ፣ ያልኩሽ ሁሉ ኩፋሌ ላይ ነው ያለው!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። አንዲት ሴት ሞቋት መስኮት ብትከፍት «‘ነፋስ ያስገባ ደዌ አስገባ’ ይላል ኩፋሌ» ብለው አስዘጓት። ሾፌሩ ዘፈን ቢከፍት ኩፋሌ ከለከለው። እብናት ሲደርሱም ቀድሞ የሚወርደው ማን እንደሆነ ኩፋሌ ወሰነ። ዓይናለም ላፕቶፑን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወይዘሮ ካሰች ቤት አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የቤተሰቡ ሁሉ የንስሐ አባት ቄስ ይርጋ አሉ። ቄስ ይርጋ መጻሕፍቱን በግእዝ ከዳር እስከ ዳር ያውቃሉ፤ ግን ሰው ማሳፈር ስለማይወዱ የሙላቴን ጥቅስ እየሰሙ ዝም ካሉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።

አቶ ሙላቴ ቆመው ተናገሩ። «‘የሟች ወንድም ልጂቱን ይዳር፤ እሷም እሺ ትበል’ ይላል መጽሐፈ ኩፋሌ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። እናቷ «ሰማሽ ልጄ?» በሚል ዓይን ተመለከቷት፤ ዓይናለም አሁን ዝም ካለች በቃ፣ የደሳለኝ ሚስት መሆኗ ነው። ከዚያ ድንገት አንድ ክፉ ሐሳብ መጣላት።

«አጎቴ እውነታቸውን ነው» አለች ብድግ ብላ። «ብቻ ቀጥሎ ያለውን ዘለሉት።»

«ምን አለ ቀጥሎ?» አሉ እናቷ።

«‘ባሕር ተሻግራ ሠርታ የተመለሰች ግን ባሏን ራሷ ትምረጥ’ ይላል።»

«ውሸት!» አሉ አቶ ሙላቴ። «እንዲህ የሚል ኩፋሌ ላይ የለም!»

«አንብበውታል አጎቴ?»

አቶ ሙላቴ ወደ ቄሱ ሰረቅ አድርገው አዩ። አንብቤአለሁ ቢሉ ቄሱ ምዕራፉን ሊጠይቋቸው ነው፤ አላነበብኩም ቢሉ ደግሞ የሃያ ዓመት ጥቅስ ገደል ሊገባ ነው። ወይዘሮ ካሰች ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባቴ፣ እንግዲህ አንቱ ያሉትን ነው የማምን። የማን ነው ያለው?»

ቄስ ይርጋ ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። አጎትየውን አልቧቸዋል። ልጅቱ ዕንባዋ ቀርቧል። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሁለቱም ያሉት አንድ ገጽ ላይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሙላቴ፣ ያንተ ካለ የእሷም አለ፤ የእሷን ከፋቅሁ ያንተንም ልፍቅ ነው። የቱ ይሻልሃል?»

አቶ ሙላቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲህ... ቃሉ ካለ እኔ ማን ነኝ» አሉ።

ወይዘሮ ካሰች ተነሥተው የልጃቸውን ራስ ይዘው መረቋት፤ «የመረጥሽው ይቅናሽ፣ ሥራሽ ይባረክ» ሲሏት ዓይናለም እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ስትወጣ ቄስ ይርጋ በሩ ላይ አገኟት።

«ለዚያች ጥቅስሽ አርባ ስግደት አለብሽ።»

«እሺ አባቴ።» አንገቷን ደፋች። «አጎቴስ?»

«እሱም አርባ፤ ነግሬዋለሁ።»

ዓይናለም ሳቋ አመለጣት። «አንቱስ አባቴ?»

«እኔማ» አሉ ቄሱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ሰማንያ።»