አርባ ቀን ቆይ

1.

መልእክቱ ከአርባ ቀን በኋላ መሄድ ነበረበት። ወዲያው ሄደ።

2.

እንዲህ ይላል፦

«የእድራችን አባል የአቶ ድንበሩ ካሣ የአርባ ቀን መታሰቢያ ዛሬ ነው። አባላት እንድትገኙ።»

አቶ ድንበሩ የሞቱት ትናንት ነው፤ ደሴ፣ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄደው። አስከሬኑ ገና መንገድ ላይ ነው። ልጃቸው ስምረት አልሰማችም። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቷ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሊነግሯት ተስማምተው ነበር።

ስምረትም የእድሩ አባል ናት። መልእክቱ ለአባላት ሁሉ ነው የሄደው።

3.

መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋናው ነገር ሦስት መስመር ነው፦

የሟች ስም ሲመዘገብ
አርባ ቀን ቆይ
ላክ

በአሥር ሰከንድ ሞከርኩት፤ ቆየ። በአንድ ደቂቃ ሞከርኩት፤ ቆየ። በአርባ ቀን አልሞከርኩትም። ማን አርባ ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?

4.

ኮድ ለማትጽፍ አንባቢ፦

የፕሮግራሙ ቆጣሪ ጊዜን የሚለካው በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። የሚይዘው ቁጥር ጣሪያ አለው፤ ሃያ አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ስትሰጠው «አልችልም» አይልህም። ቆይ እንዳልተባለ ሆኖ ሥራውን ይሠራል።

መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያው ረጅም ነው።

ይህን ለሽማግሌዎቹ አላስረዳሁም። ደክሞኛል።

5.

የእድሩ ቢሮ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የአቶ ድንበሩ ጎረቤት እማማ ትርንጎ፣ እኔ።

እማማ ትርንጎ፦ አርባው ደረሰ? ድንበሩን ገና አልቀበርነውም እኮ!

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ምን አስቸኮለሽ፣ አንቺ ልጅ?

እኔ፦ እኔ አይደለሁም። ቆጣሪው ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ታዲያ ችኮላው ማንን መሰለ?

እኔ፦ ስምረት ዛሬ ተማሪዎች እየፈተነች ነው። ስልኳ ዝግ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ትከፍተዋለች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ መርዶ ሥራ ቦታ አይነገርም።

እማማ ትርንጎ፦ በስልክስ ይነገራል?

ጋሽ ወንዳፍራሽ ተነሱ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ፦ ኮቴን አቀብዪኝ።

6.

ቆጣሪ ጊዜው ሳይደርስ ይሰረዛል። የተላከ መልእክት ግን አይመለስም። አሁን የስምረት ስልክ እስኪከፈት እየጠበቀ ነው።

መጠበቅ ቻለ።

አሁን።

7.

የትምህርት ቤቱ ኮሪደር።

እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። «ያስተካክሉት፣ ገና ስታይዎት ታውቃለች» አልኳቸው። አስተካከሉት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና ጠረጉ። በዚህ ሰፈር መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ግን ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ፣ ከኋላቸው ብዙ ሰው ቆሞ ነው።

«እንዲህ ባለ ቦታ አላውቅበትም» አሉኝ። «ችኩሏ አንቺ ነሽ። ጀምሪው።»

8.

በበሩ መስታወት አየኋት። የመጨረሻውን ወረቀት ተቀበለች። መሳቢያውን ከፍታ ስልኳን አወጣች።

አንኳኳሁ።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ፈገግ አለች። በጣቷ «ቆዪ» አለችኝ።

ቆየሁ።

ስልኩን ሳትከፍተው ወደ እኛ መጣች። ሽማግሌዎቹን ስታይ ፈገግታዋ ቀረ። ወጣች። ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

9.

እኔ፦